«ፎቶው የት አለ?» ስለ ባቢሎን ተንጠላጣይ የአትክልት ስፍራ

ጥያቄ፦ ሰላም። የ7ኛ ክፍል ልጄ ስለ ሰባቱ የጥንት ዓለም ድንቆች ተምሮ መጣ። የጊዛን ፒራሚድ ፎቶ አገኘ፤ የባቢሎንን ተንጠላጣይ የአትክልት ስፍራ ግን ከሥዕል በቀር ፎቶ አጣ። «ፍርስራሹ እንኳ የት አለ?» ብሎ አፋጠጠኝ። አባቱ ናቡከደነፆር ለሚስቱ የሠራላት ነው ይላል። ወንድሜ ደግሞ ግሪኮች የፈጠሩት ተረት ነው ባይ ነው። ማናቸው ናቸው ልክ?

ምላሽ፦ ሰላም ለእርስዎም ለቤተሰቡም። ልጅዎን በእኔ ስም ያመስግኑልኝ። የጥንቱን መካከለኛው ምሥራቅ የምናጠና ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ የተጨቃጨቅንበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠይቆታል።

አጭሩ መልስ ይሄ ነው። በባቢሎን ከተማ «ያ የተባለው አትክልት ይኸውና» ተብሎ ያለ ክርክር የሚታይ አንድም ግንብ አልተገኘም። ግን ወንድምዎ እንዳሉት ከባዶ የተፈጠረ ተረት ነው ብዬም አላስብም። እኔ እንደሚመስለኝ አትክልቱ ነበረ፤ የተሳሳተው አድራሻው ነው። ረጅሙን መልስ ከፈለጉ ቡናዎን ይዘው ይቀመጡ።

ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያሉትን «ዓ.ዓ.» እላቸዋለሁ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። «ተንጠላጣይ» ስንል በገመድ አየር ላይ የተሰቀለ ነገር ይታየናል። የልጆች መጻሕፍት ሥዕልም ይሄንኑ ያባብሳል። ግሪኮቹ የተጠቀሙበት ቃል ግን ከከፍታ ላይ ወጣ ብሎ የተንዠረገገን ነገርም ይጨምራል። በላቲኑም እንደዚያው ነው። ስለዚህ የምንፈልገው በእርከን ላይ እርከን የተደራረበ፣ ከታች ለሚያይ ሰው ዛፎቹ ከጣሪያ ላይ የበቀሉ የሚመስሉትን አትክልት ነው። ገመዱን እንርሳው። በባቢሎን ተሰቀለ ተብሎ የምናውቀው ሌላው ነገር መሰንቆ ነው፤ መዝሙረኛው በአኻያ ዛፎቿ ላይ የሰቀለው።

አሁን ወሬውን ማን አመጣው? የአባቱ ታሪክ ምንጭ ቤሮሰስ የተባለ የባቢሎን ካህን ነው። በ290 ዓ.ዓ. አካባቢ የአገሩን ታሪክ በግሪክኛ ጻፈ። መጽሐፉ ራሱ ጠፍቷል። ከእሱ የቀረው ሌሎች የጠቀሱት ቁራጭ ብቻ ነው፤ የአትክልቱን ወሬ ያቆየልን በ1ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስ ነው። እንደ ቤሮሰስ አባባል ናቡከደነፆር ከፍ ያሉ የድንጋይ እርከኖች አሠርቶ ተራራ አስመሰላቸው፤ ዛፍም ተከለባቸው። ምክንያቱ ንግሥቲቱ ናት። ያደገችው በሜዶን ተራራማ አገር ነው፤ ተራራ ናፈቃት። ባቢሎን ደግሞ ጠፍጣፋ ናት፤ ዓይን እስከሚያይ ድረስ ሜዳ፣ ቴምርና ቦይ። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ባለቤትዎ ቢወዱት አልፈርድባቸውም።

ከቤሮሰስ በኋላ የመጡት ግሪክና ሮማውያን ጸሐፊዎች ዝርዝሩን አበዙት። ከሁሉም የሚጣፍጠው የዲዮዶሮስ ነው፤ የጻፈው በ1ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ዓ. ነው። አትክልቱ በአራቱም ጎን ወደ 120 ሜትር ይሆናል። እንደ ቴአትር ቤት መቀመጫ እየተነባበረ ይወጣል። የላይኛው እርከን ከፍታ 50 ክንድ ነው፤ ይሄ ከ20 ሜትር በላይ ማለት ነው። እንግዲህ እዚህ ጋ አንድ ግንበኛ የሚጠይቀውን ጥያቄ እንጠይቅ። ጣሪያ ላይ አፈር ጭነህ፣ አፈሩን በየቀኑ ውሃ አጠጥተህ፣ ቤቱ እንዴት አያፈስም? ዲዮዶሮስ መልስ አለው። ከታች የድንጋይ አግዳሚዎች፤ በላያቸው በዝፍት የተለወሰ ሸምበቆ፤ ከዚያ ሁለት ድርብ የተተኮሰ ጡብ፤ ከዚያ ውሃ እንዳያሳልፍ የእርሳስ ንጣፍ፤ ከሁሉ በላይ ትልልቅ ዛፎች ሥር የሚሰዱበት ወፍራም አፈር። ዝፍቱ ዛሬ ሬንጅ የምንለው ዓይነት ነው፤ በኦሪት ዘፍጥረት የባቢሎን ግንብ ሠሪዎች ጡባቸውን ያጣበቁበት። በዚያ አገር ከመሬት ይፈልቃል። አንድ ነገር አይተው የጻፉ ይመስላል። እኔን ሁልጊዜ ከጥርጣሬዬ ትንሽ የሚመልሰኝ ይሄ ንጣፍ ነው።

ስትራቦን የተባለው ሌላው ጸሐፊ ደግሞ ውሃው እንዴት ወደ ላይ እንደሚወጣ ይነግረናል። ከኤፍራጥስ ወንዝ ውሃ የሚስቡ ብሎን መሰል ጠመዝማዛ መሣሪያዎች ነበሩ ይላል። ሰዎች ያዞሯቸዋል፤ ውሃው በጥምዝማዙ ውስጥ እየተገፋ ይወጣል። ይህን መሣሪያ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን። ኩርቲዮስ የተባለው ሮማዊ ግን ዛፎቹ 8 ክንድ ውፍረት ያለው ግንድ አላቸው ብሎ ጽፏል። እሱን እንለፈው።

ችግሩ የሚጀምረው ሊናገሩ የሚገባቸው ሰዎች ዝም ሲሉ ነው። ሄሮዶቱስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ዓ. ስለ ባቢሎን በሰፊው ጻፈ። ግንቡን፣ በሩን፣ ቤተ መቅደሱን፣ የሰዉን ልማድ ሳይቀር። ስለ አትክልቱ አንድ ቃል የለም። እሺ፣ ረሳው እንበል። ናቡከደነፆርስ? ይህ ንጉሥ ከ605 እስከ 562 ዓ.ዓ. ነገሠ፤ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። «ይህች እኔ የሠራኋት ታላቂቱ ባቢሎን አይደለችምን?» ሲል በትንቢተ ዳንኤል ታውቁታላችሁ። ቁፋሮውም ይህን ጠባዩን ያረጋግጣል። በጡቦቹ ላይ ስሙን አሳትሟል። ቤተ መንግሥቱን፣ ቅጥሩን፣ ቦዩን፣ በሩን እየዘረዘረ ረጃጅም ጽሑፎች አስቀርጿል። ከሊባኖስ ያስመጣውን ዝግባ እንኳ አልረሳም። የዓለም ድንቅ የሆነ አትክልት ሠርቶ ቢሆን ይረሳው ነበር? እኔ አይመስለኝም። (ጡብ ላይ ስም የማሳተሙ ልማድ ከ2,500 ዓመት በኋላም አልሞተም። ሳዳም ሁሴን በ1980ዎቹ ቤተ መንግሥቱን በፍርስራሹ ላይ መልሶ ሲያሠራ የራሱን ስም በአዲሶቹ ጡቦች ላይ አስቀርጿል።)

ወደ ቁፋሮው እንሂድ። ባቢሎን ከባግዳድ ደቡብ ወደ 85 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሂላ ከተማ አጠገብ ናት። ጀርመናዊው ሮበርት ኮልደቫይ ከ1899 እስከ 1917 ድረስ ቆፈራት። ዛሬ በርሊን የሚገኘውን ሰማያዊውን የኢሽታር በር ያወጣው እሱ ነው። በደቡባዊው ቤተ መንግሥት ሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን አንድ እንግዳ ሕንፃ አጋጠመው። 14 ጠባብ ክፍሎች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ጣሪያቸው ቅስት ነበር። ግንባታው ላይ ድንጋይ ገብቷል፤ ባቢሎን ደግሞ የጡብ ከተማ ናት፤ ድንጋይ ብርቅ ነው። ጎን ለጎን ሦስት ጉድጓድ ያለው የውሃ ማውጫም ነበረው፤ ኮልደቫይ ባልዲዎች በሰንሰለት እየዞሩ ውሃ ያወጡበት ነበር ብሎ አሰበ። ቅስት፣ ድንጋይ፣ ውሃ። ሰውየው «አገኘሁት!» አለ። ለብዙ ዓመታት መጻሕፍቱም አብረውት አሉ።

ያፈረሰበት የዘይት ደረሰኝ ነው። ቀልዴን አይደለም። በዚያው ሕንፃ ውስጥ የሸክላ ጽላቶች ተገኝተው ነበር። ኤርንስት ቫይድነር በ1939 አንብቦ ሲያሳትማቸው የቤተ መንግሥቱ የቀለብ መዝገብ ሆነው ተገኙ፤ ለማን ስንት ዘይት እንደተሰፈረ ይመዘግባሉ። ከተቀባዮቹ አንዱ ማን ነው? የይሁዳ ንጉሥ ዮአኪን፣ ከአምስት ልጆቹ ጋር! ከኢየሩሳሌም ተማርኮ የሄደው፣ ሁለተኛ ነገሥት መጨረሻ ላይ በባቢሎን ንጉሥ ማዕድ ይበላ ነበር የሚባለው ዮአኪን። ለመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ይህ ከማንኛውም አትክልት የሚበልጥ ግኝት ነው። ለኮልደቫይ ግን መርዶ ነበር። ጠባቦቹ ክፍሎች ጎተራና መጋዘን ናቸው ማለት ነው። ደግሞም ከወንዙ ይርቃሉ።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ምሁራን አትክልቱን ወደ ምዕራብ፣ ወደ ወንዙ ዳር አዛወሩት። እዚያ በጣም ወፍራም ግንብ አለ። ይሆናል። ግን ኤፍራጥስ በዘመናት ውስጥ መንገዱን ቀይሯል፤ በዚያ በኩል የተረፈው ነገር ብዙ አያናግርም። በባቢሎን አትክልት አልነበረም እያልኩ እንዳልሆነ ልብ ይበሉልኝ። ታላቁ እስክንድር በ323 ዓ.ዓ. ባቢሎን ውስጥ በታመመ ጊዜ በጀልባ ወንዙን ተሻግሮ ወደ አትክልት ስፍራ መወሰዱ ተጽፏል። ከዚያ ቀደም ብሎም የመሮዳክ ባልዳንን አትክልት ተክሎች የሚዘረዝር ጽላት አለ፤ ይሄ በትንቢተ ኢሳይያስ ለሕዝቅያስ መልእክተኞች የላከው ንጉሥ ነው። ከ60 በላይ ስሞች ተጽፈውበታል። ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ሰላጣ፣ ድንብላል… የዓለም ድንቅ ሳይሆን የጓሮ አትክልት ነው። እኔ በበኩሌ ይሄኛው ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ባቢሎን ውስጥ ከሌለ የት? እኔ ተማሪዎችን የምላቸው አንድ ነገር አለ፤ ዛፉን አትፈልጉ፣ ውሃውን ፈልጉ። ዛፍ ይደርቃል፣ አፈር ይታጠባል። ቦይ ግን ጠባሳ ትቶ ይሄዳል።

የኦክስፎርዷ ስቴፋኒ ዳሊ ያደረጉት ይህንኑ ነው። እኚህ ሴት የሽብልቅ ጽሕፈት አንባቢ ናቸው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሚሉት አትክልቱ የናቡከደነፆር ሳይሆን የሰናክሬም ነው፤ ቦታውም ባቢሎን ሳይሆን ነነዌ ነው። አዎ፣ ዮናስ የተላከባት፣ በየዓመቱ ሦስት ቀን የምንጾምላት ነነዌ። ዛሬ በሰሜን ኢራቅ የሞሱል ከተማ ውስጥ ናት። ከባቢሎን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ሰናክሬምም ባዕዳችን አይደለም፤ ኢየሩሳሌምን የከበበው የአሦር ንጉሥ ነው፤ ከ704 እስከ 681 ዓ.ዓ. ገዛ።

ናቡከደነፆር ዝም ያለውን ሰናክሬም ይናገራል። በጽሑፉ ላይ ቤተ መንግሥቱን ለሕዝቦች ሁሉ መደነቂያ እንዲሆን ከፍ አድርጌ ሠራሁት ይላል። አጠገቡም የአማኑስን ተራራ የሚመስል አትክልት ተከልኩ ይላል። ተራራ የሚመስል አትክልት! ቤሮሰስ ስለ ናቡከደነፆር ያለውን ያስታውሱ። ባለቤትዎን ደግሞ የሚያስደስት ነገር ላክል። ሰናክሬም ታሽሜቱ ሻራት ለተባለች ሚስቱ የተድላ ቤት እንዳሠራላት ራሱ አስጽፏል፤ መልኳን ከሴቶች ሁሉ አስበልጦ እያመሰገነ። ያ አገር ያንቀጠቀጠ ሰውዬ።

የስትራቦንን ጠመዝማዛ መሣሪያም እዚሁ እናገኘዋለን። ዓለም ይህን መሣሪያ የሚያውቀው በአርኪሜዲስ ስም ነው፤ አርኪሜዲስ ግን የ3ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ዓ. ሰው ነው። ሰናክሬም ከእሱ 400 ዓመት ያህል ቀድሞ ውሃ ለማውጣት አንድ አዲስ የነሐስ ሥራ እንዳሠራ ይኩራራል። የመሣሪያውን ስም ከአንድ የዘንባባ ዓይነት ወስዶታል። ዳሊ እንደሚሉት የዘንባባው ግንድ ልክ እንደ ብሎን ጥምዝምዝ ነው። ሌሎች ምሁራን ይህን ንባብ አይቀበሉም። እኔ ይማርከኛል፤ ግን ክርክሩን በዚህ ብቻ አላቆመውም።

የማቆመው በጀርዋን ላይ ነው። ልጅዎ ፎቶ ከፈለገ፣ ፎቶው ይኸው ነው። ሰናክሬም ውሃውን ከሩቅ ተራራ፣ ኪኒስ ከሚባል ሸለቆ በቦይ አስመጣው። መንገዱ ላይ ጀርዋን አጠገብ ገደል መሳይ ሸለቆ ገጠመው። ሰውየው ቦዩን አላዞረም፤ ለውሃው ድልድይ ሠራለት። ርዝመቱ 280 ሜትር ያህል፣ ስፋቱ 22 ሜትር፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ የተጠረበ ድንጋይ ገብቶበታል። ከሥሩ ወንዙ የሚያልፍበት ሹል ቅስቶች አሉት። ውሃ እንዳያፈስም ወለሉ ላይ የኖራ ድንጋይ ልስን ተነጥፏል። ቶርኪልድ ያኮብሰንና ሴቶን ሎይድ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ቆፍረውት ነበር። ድንጋዩ ላይ ሰናክሬም ራሱ በጽሕፈት፣ ሸለቆውን በነጭ ድንጋይ ድልድይ ተሻግሬ ውሃውን በላዩ አፈሰስኩ ብሎ አስቀምጧል። የውሃ ድልድይ ሲባል ሁላችንም ሮማውያን ናቸው የሚመጡልን። የሮማ የመጀመሪያው ቦይ በ312 ዓ.ዓ. ነው የተሠራው። ጀርዋን ከዚያ ወደ 380 ዓመት ይቀድማል። ፍርስራሹ ዛሬም በኢራቅ ኩርዲስታን ቆሞ አለ።

ስለ ቦዮቹ ሌላ የሚገርም ነገር አለ። በ1960ዎቹ የአሜሪካ የስለላ ሳተላይቶች ያነሷቸው ፎቶዎች በ1990ዎቹ ምስጢርነታቸው ተነሣ። ፎቶዎቹ የተነሡት ዘመናዊው እርሻ መሬቱን ሳያርሰው በፊት ነው። ጄሰን ኧር የተባለው አርኪዮሎጂስት እነሱን እያየ የሰናክሬምን ቦዮች መስመር ተከታተለ። የሶቪየትን ሚሳኤል ይፈልግ የነበረ ካሜራ የአሦርን መስኖ አገኘልን።

የነነዌው አትክልት ሥዕልም አለው። የሰናክሬም የልጅ ልጅ አሹርባኒጳል ያሠራው የድንጋይ ቅርጽ ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይታያል። ዛፍ የሞላበት ኮረብታ፣ አናቱ ላይ ምሰሶ ያለው እልፍኝ፣ ከጎን ደግሞ በሹል ቅስቶች ላይ የሚመጣ የውሃ ድልድይ። ውሃው ኮረብታው ላይ ሲደርስ በትንንሽ ቦዮች ይከፋፈላል። አብዛኞቹ የጥንት ጸሐፊዎች የሰሙትን ሲጽፉ፣ ይህን የቀረጸው ሰው በዚያው ቤተ መንግሥት የሚሠራ ባለሙያ ነበር።

ታዲያ ነነዌ እንዴት ባቢሎን ተባለች? እዚህ ላይ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ከእንግሊዝኛው አንባቢ ይሻላል። መጽሐፈ ዮዲትን ይክፈቱ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ስለምታነበው ቤትዎ ይኖራል። ገና ከመጀመሪያው ናቡከደነፆርን በነነዌ ሆኖ በአሦራውያን ላይ የነገሠ ያደርገዋል። ያ ታሪካዊው ናቡከደነፆር አይደለም፤ ነነዌን በ612 ዓ.ዓ. ያፈረሷት ባቢሎናውያንና ሜዶናውያን ናቸው። ግን ሁለቱ ነገሥታትና ሁለቱ ከተሞች በሰው አፍ ላይ እንዴት እንደተደባለቁ ያሳያል። ዲዮዶሮስም ነነዌን ኤፍራጥስ ዳር አስቀምጧታል፤ ከተማዋ ግን ጤግሮስ ላይ ናት።

የዳሊ ሐሳብ ቀዳዳ የለውም ማለቴ አይደለም። ነነዌ ላይ አትክልቱ ራሱ ተቆፍሮ አልወጣም። ከተማዋም በ612 ከፈረሰች በኋላ ማን ሄዶ አደነቃት? ግሪካዊው ዜኖፎን በ401 ዓ.ዓ. በዚያ ሲያልፍ ያየው ባዶ ግንብ ነው። ዳሊ ከተማዋ ፈጽማ አልተተወችም፤ እስክንድርም በ331 ዓ.ዓ. ከጋውጋሜላ ጦርነት በፊት በጀርዋን አካባቢ ስለነበረ ሰዎቹ የውሃ ሥራውን አይተው ሊሆን ይችላል ይላሉ። ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ቤሮሰስ ነው። ሰውየው ባቢሎናዊ ነው፤ ካህን ነው። የገዛ ከተማውን አያውቅም ልንለው ነው? ምናልባት ዝነኛ የሆነውን የሌላ ከተማ ነገር ለአገሩ ንጉሥ ሰጥቶት ይሆናል። ሰው ለአገሩ ሲል ያደርገዋል።

ተመዝኖ ሲታይ እኔ ወደ ነነዌ አዘነብላለሁ። ባልደረቦቼ ግን ሁሉም አይስማሙም። አንዳንዶች ዛሬም ባቢሎን ላይ የሙጥኝ ብለዋል፤ እንደ ወንድምዎ ነገሩን ሁሉ የግሪክ ፈጠራ ነው የሚሉም አሉ። ስለዚህ ቤት ውስጥ ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ ይስጧቸው። ወንድምዎ የባቢሎኑ ማስረጃ ባዶ ነው በማለታቸው ልክ ናቸው። ባለቤትዎም ንጉሥ፣ ሚስት፣ ተራራ የሚመስል አትክልት በማለታቸው ልክ ናቸው፤ ንጉሡን ነው የሳቱት።

ለልጅዎ የጀርዋንን ድልድይ ፎቶ ፈልገው ያሳዩት፤ የለንደኑንም ቅርጽ አብረው። ፈተና ላይ ከመጣ ግን «ባቢሎን» ብሎ ይመልስ። መምህሩ ነነዌን አርመው ቢሰጡት እኔ እዚያ የለሁም።